ስንቁን እግሩ ላይ የያዘ ሳር

ኡምሀኒ አቃቂ ወንዝ ዳር ዱላ ስትተክል ያየ ሁሉ ስቆባታል። እውነትም የያዘችው ነገር ዱላ ይመስል ነበር፤ ክንድ የማያህል፣ ቅጠል የሌለው፣ ሁለት ሦስት አንጓ ብቻ ያለው ቁራጭ። በሰባ ሁለት ዓ.ም. ክረምት ሲገባ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ከእርሻ ቢሮ አስመጥቶ፣ «ዝሆኔ ሳር ይባላል፤ ለከብት መኖ ነው» ብሎ ለአባላቱ እቅፍ እቅፍ አድርጎ አደለው። ከባቡር ሐዲዱ በታች፣ ወደ ወንዙ በሚያዘነብለው ባዶ ቦታ ላይም ለፈለገች ሁሉ ቁራጭ መሬት ተሸነሸነ። ብዙዎቹ ሴቶች መሬቱን ጎመን ዘሩበት፤ ዱላውን ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ኡምሀኒ ግን ላም ነበራት።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ከበቀለ እኔም የቤቴን ምሰሶ ውኃ አጠጣዋለሁ!» አለቻት ጎረቤቷ የሺሐረግ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«አጠጪው። ቅጠል ሲያወጣ ጠላ ጠጪዎችሽን ከሥሩ ታስቀምጫለሽ» አለች ኡምሀኒ ቀና ሳትል።

የሺሐረግ ባሏ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ፣ እሷ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇ ግን የማይሰስት ሴት ነበረች። ኡምሀኒ ከደሴ ማዶ ተድራ አቃቂ ስትመጣ እሳት የጫረችው ከእሷ ቤት ነው። ባሏ ደርዊሽ የመንግሥት ፊያት ይነዳል፤ አሰብ ወርዶ ጭነት ያነሣል፣ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። ስለዚህ ኡምሀኒ ብዙውን ነገር ብቻዋን ማሰብ፣ ብቻዋን መወሰን ለምዳ ነበር።

ላሚቱንም የገዛቻት ብቻዋን አስባ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ሀኪማ ጡት ስትጥል እህል አልወርድላት አለ። የሰጧትን ሁሉ ትተፋለች። አንገቷ ቀጥኖ ዓይኗ ብቻ ቀረ። ጤና ጣቢያ ቢወስዷት «ወተት፣ እናቷ፣ ወተት» ተባለ። ኡምሀኒ በኒካዋ የተሰጣትን የመህሯን ወርቅ ከሣጥን አውጥታ ሸጠችና ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጥቁር ጊደር እየጎተተች መጣች። ስሟን ቦራ አለቻት። ቦራ ወልዳ ወተቷ ቤቱ ከገባ ወዲህ ሀኪማ ጉንጭ አወጣች፣ ሮጠች፣ ተሳደበች። ስድቧን የሰማች እናት የሳቀችውን ሳቅ ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሰዋል።

እንግዲህ ያ ዱላ የተተከለው ለዚህች ላም ነው።

ዝናቡ ከጠና በኋላ አንድ ጠዋት ኡምሀኒ ሄዳ ብታይ ከአንጓው ጎን እንደ ሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ ያለ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። ተንበርክካ በጣቷ ጫፍ ነካችው። ጠንካራ ነው፣ ሹል ነው፣ ሕይወት አለው። «ከዱላ!» አለች ለራሷ። በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ። በመስከረም ወገቧ ደረሰ። አንዱ ዱላ እቅፍ የሚሞላ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ አገዳው እንደ ሸንኮራ ሲወፍር፣ ቅጠሉ ነፋስ ሲመጣ እንደ ዝናብ ሲንሾካሾክ እያየች መደነቋን መደበቅ አቃታት። የሺሐረግም ምሰሶውን ረስታ መጥታ አየችው። «ወይ ጉድ» ብላ ብቻ ሄደች። ለእሷ ይህ ብዙ ዝም ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ሥር እስኪይዝ ብዙም አልነካችውም። በሁለተኛው ክረምት ግን ማጨድ መጣ። በዚያ አገር ደግሞ ሳር ማጨድ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ሙያ አይደለም።

ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ እስከ ቱሉ ዲምቱ ግርጌ ድረስ ያለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል። መስቀል ሲያልፍ ሳሩ እንደ ስንዴ ይወዛወዛል። አጫጆች በጥቅምት ተሰልፈው ይገቡበታል፤ የአጫጅ ጉብዝናም የሚታየው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ነው። ጎበዝ ያለፈበት መሬት እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ቁመት ያለው ቅሪት የተወ አጫጅ የሰነፍ ስም ይወጣለታል፤ «ለአይጥ ቤት ሠራህላት?» ይባላል። በዚያ ሜዳ ከሁሉም የላቁት የኮዬ ፈጬው ጋሽ ሮሪሳ ነበሩ። ሸምገል ቢሉም ወገባቸው እንደ ማጭዳቸው ጎብጦ፣ ምላጩን አፈር ለአፈር ሲያስኬዱት የሚሰማው ድምፅ ከብት ሳር ሲነጭ የሚሰማው ዓይነት ነው።

ኡምሀኒ አስተምሩኝ ብላ የለመነቻቸው እሳቸውን ነው።

«ማጭድሽ አፈር ይሽተት» አሏት። «ለእጅሽ አትፍሪ። ሜዳው ላይ ትተሽው የመጣሽው ሁሉ ከላምሽ አፍ የነጠቅሽው ነው።»

እሷም እንደተማረችው ላጨችው። የማሳዋ ላይኛው ክፍል፣ ውኃ የማይተኛበት፣ እንደገና ፈላ። የታችኛው ግን ጉድ ሆነ። ከታጨደ በኋላ ዝናቡ ቀጥሎ ስለ ዘነበ ዋልካው ውኃውን አልውጥ ብሎ ጉቶዎቹን ከነራሳቸው አሰጠማቸው። ውኃው ሲጎድል ስትነካቸው እንደ ተቀቀለ ድንች ሟሙ፤ ሸተቱም። ኡምሀኒ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ አሰበች። ውኃ ራሱን ከሸፈነው መተንፈስ አቅቶት ነው የሞተው፤ ስለዚህ ራሱ ከውኃ በላይ ይሁን። የሞተውን ከላይኛው በቆረጠችው አንጓ ተካችው፤ በሚቀጥለው አጨዳም ስንዝር ያህል እያስቀረች ቆረጠች። ሳሩ ከሥሩ ጀምሮ ተትረፍርፎ ወጣ። ከስንዝር ከፍ አድርጋ የተወችው ደግሞ ላዩ ላይ ቀጫጭን ቡቃያ አወጣና ነፋስ ሰባበረው። ክረምት ላይ ልኩ ስንዝር ነው ብላ ያዘች፤ በዚህም ኮራች።

የተሳሳተችው ከዚህ በኋላ ነው። ስንዝሩ ለውኃው ሲባል ነው ብላ አመነች። በበጋ ምን ውኃ አለ? ስለዚህ በጋ ሲገባ እንደ ሜዳው ሳር ልሙጥ አድርጎ መላጨት ነው ብላ ወሰነች። ጋሽ ሮሪሳም፣ ሰፈሩም፣ እሷም በዚህ አንድ ነበሩ።

በኅዳር ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበር። ደርዊሽ አሰብ ነው። ዝናቡ በዚያ ዓመት ቀድሞ ስለ ተቋረጠ የሜዳው ሳር አጭር ሆኖ ታጭዷል፤ ድርቆሽ ያለው ሰው ደጁን ይዘጋል። ኡምሀኒ ማጭዷን ይዛ ወረደች። ጎንበስ ብትል ሆዷ እምቢ አላት። በጎን ሞከረች፣ ተቀምጣም ሞከረች። ምን ታድርግ፣ ቆማ በጉልበቷ ልክ እየያዘች መቁረጥ ጀመረች። ከወንዙ በኩል ተነሥታ መሀል ስትደርስ ዞር ብላ ብታይ፣ ከኋላዋ ጉልበት የሚያህል አገዳ ተገትሮ ቀርቷል። በመንገድ የሚያልፉ የፋብሪካ ሠራተኞች አዩና፣

«ጓዲት! ለአይጦቹ የቀበሌ ቤት አሠራሽላቸው እንዴ?» ብለው ጮሁ።

«የቤት ቁጥር ተሰጥቶታል ወይ በያት!» አለ ሌላው።

ኡምሀኒ ፊቷ ጋለ። ልጅ ልካ ጋሽ ሮሪሳን አስጠራች።

«ምነው ልጄ? ማጭድሽን ውሻ በላው?» አሉ ሲያዩት።

«ሆዴ ነው እምቢ ያለኝ፣ ጋሽ ሮሪሳ። ይኸው አስቀያሚ አደረግሁት። የቀረውን አንቱ ይጨርሱልኝ።»

ጨረሱላት። ከመሀል እስከ ሐዲዱ ያለው እንደ መስታወት ሆነ። «አሁን ደግሞ ያንቺን ልድገምልሽ፤ ሰው ይስቅብናል» ብለው ማጭዳቸውን ድንጋይ ላይ ሲስሉ ኡምሀኒ ወገቧን ያዘች።

«ተዉት» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ጋሽ ሮሪሳ፣ ተዉት። የሺሐረግን ይጥሩልኝ።»

ሳሩን የሚያስብ ማንም አልነበረም ከዚያ በኋላ። በዚያው ቀን ሙሀመድአወል ተወለደ። ኡምሀኒ አርባ ቀኗን ቤት ዋለች። ለቦራ ሳሩን የምታቀርብላት የሺሐረግ ነበረች፤ የታጨደው ሲያልቅ ጭድ፣ ጭዱ ሲያልቅ የደረቀ የበቆሎ አገዳ። በታኅሣሥ ውርጭ ወደቀ። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ቡናማ ይሆናል። ቦራ እርጉዝ ነበረች፤ የምትወልደው ለመጋቢት ነው። ጎድኗ ወጣ። ፀጉሯ ቆመ። ወተቷ ነጠፈ፤ ሀኪማም ጣሳዋን ይዛ በረት ደጃፍ ስትቆም እናቷ ዓይኗን ማየት ተወች።

ደርዊሽ በጥር መጣ። ልጁን አቅፎ ሳመው፣ ሲወለድ በጆሮው አዛን ያወጣለትን ሰው አመሰገነ፣ ሀኪማን ትከሻው ላይ አወጣት፣ ከዚያ በረት ገብቶ ቦራን አይቶ ወጣ። ምሳ ሲበሉ ነው የተናገረው።

«ኡሙዬ፣ ቦራን እንሽጣት።»

ኡምሀኒ ጉርሻዋን አስቀመጠች።

«ላሟ ያንቺ ናት። መህርሽ ናት፤ ወላሂ ያላንቺ ፈቃድ ገመዷን አልነካም» አላት። «ግን ተመልከቻት እስቲ። እንዲህ ሆና ብትወልድ ወይ እሷ ትሞታለች ወይ ጥጃው። ከሞተች በኋላ ቆዳዋ ነው የሚቀርሽ።»

«ሳር ይበቅላል።»

«በጥር? ከምኑ ይበቅላል? ዝናብ የት አለ?»

ደርዊሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚለው ሁሉ ልክ ነበር፤ ያስጨነቃትም ይኸው ልክነቱ ነው። «ነገ ወደ አሰብ እወርዳለሁ። ስመለስ የከብት ነጋዴውን ተሰማን ይዤው እመጣለሁ። ተሽሏት ካገኘኋት ራሴ እመልሰዋለሁ። ካልተሻላት ግን እሺ በይኝ» አላት። ኡምሀኒ «እሺ» አለች። ያቺን «እሺ» ስትል ወርቋን ስትሸጥ ያላመማት ነገር አመማት።

በማግስቱ ልጇን አዝላ፣ ሀኪማን በእጇ ይዛ፣ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማሳዋ ወረደች። ተስፋ አድርጋ አይደለም። የተሰነጠቀ መሬት አይታ፣ ልቧን አስቆርጣ ለመመለስ ነው።

ሐዲዱን እንደ ተሻገረች ያሰበችውን አገኘች። ጋሽ ሮሪሳ ያጨዱት ክፍል አመድ መስሏል። ዋልካው እግር እስኪያስገባ ተሰንጥቋል። ጉቶዎቹ ጥቁር ሆነው፣ እንደ ተቃጠለ ብሩሽ አፈር ላይ ተለጥፈዋል። ጥቂት እርምጃ ሄደችና ቆመች።

ከመሀል ጀምሮ አረንጓዴ ነው።

ዓይኗን ጨፍና ገለጠችው። አረንጓዴ ነው። ያ የተሳቀበት፣ ጉልበት የሚያህል አገዳ እንደ ተገተረ ነው፤ ከእያንዳንዱ አገዳ ጎን ግን ለጋ ቅጠል ተመዝዞ ወጥቷል። ውርጭ ጫፉን ለብልቦታል፣ ከለበለበው በታች ደግሞ ሌላ ወጥቷል። ዙሪያው ሁሉ፣ ሜዳው፣ ኮረብታው፣ እስከ ዓይን ጫፍ ድረስ ቢጫና ቡናማ ነው። እዚህ መሀል ላይ አረንጓዴ አለ።

«እማ፣ ማነው ያጠጣው?» አለች ሀኪማ።

ኡምሀኒም ያንኑ ነበር የምታስበው። ወደ ወንዙ የሚወስድ የእግር ዱካ ፈለገች፤ የለም። አፈሩን በእጇ ዘገነች፤ ደረቅ ነው፣ እንደ ሌላው ጎን የተሰነጠቀ ነው። በአንዱ በኩል የሞተ፣ በአንዱ በኩል የሚኖር፤ አንድ መሬት፣ አንድ ውርጭ፣ አንድ ፀሐይ። ጎንበስ ብላ አንዱን አገዳ ከላዩ በማጭዷ ጫፍ ሰነጠቀችው። ውስጡ ነጭ ነው። ረጥቧል። ምላሷን አስነካችው፤ ጣፈጣት። ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፎታል፣ ምድሩ እንደ ሸክላ ደርቋል፣ ይህ ሳር ግን ሆዱ ውስጥ ጣፋጭ ውኃ ይዞ ተቀምጧል። ኡምሀኒ እዚያው ተቀመጠች። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ተንቀሳቀሰ። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መስጊድ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ «ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ» አለች።

የሺሐረግን ጠራቻት። እሷ መጥታ አማተበች። ሁለቱም ሆነው ጋሽ ሮሪሳን አስጠሩ።

ሽማግሌው ደርሰው ሁለቱን ጎን አዩ። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ተመላለሱ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡና ዶማ አምጡልኝ አሉ። እሳቸው ካጨዱት አንድ ጉቶ ነቀሉ፤ ሥሩ ባዶ ነው፣ እንደ አሮጌ ገመድ ተልፈሰፈሰ። ከኡምሀኒ ጎን አንዱን በጥንቃቄ ቆፍረው ከፈቱ፤ ሥሩ ወፍራም ነው፣ ነጭ ጫፍ ያወጣ ነው፣ ወደ ታች ወደ ታች ዶማው የማይደርስበት ድረስ ይወርዳል። አፈሩን መልሰው በእጃቸው ደለደሉለት፤ ቁስል እንደሚሸፍን ሰው።

«ዕድሜ ልኬን ሳር አጨድኩ» አሉ ቆይተው። «የሜዳችን ሳር ስንቁን አፈር ውስጥ ነው የሚደብቀው። ብትላጪው አይሰማውም፤ ክረምት ሲመጣ ይነሣል። ይሄ ግን ሌላ ነው። ይሄ ስንቁን እግሩ ላይ ነው የያዘው። እዚህ አገዳው ውስጥ። ያንን እየበላ ነው በጋውን የሚሻገረው።» ወደ አመዱ ጎን በአገጫቸው አመለከቱ። «እኔ እግሩን ቆርጬ መንገድ ሂድ አልኩት። እንዴት ይሂድ?»

«አንቱ ምን ያድርጉ፤ እኔም እንደዚያው ላደርገው ነበር» አለች ኡምሀኒ። «ወገቤ ቢታጠፍልኝ ኖሮ ዛሬ አንድም አይኖርም።»

«ዱጋ፣ እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ ሙሀመድአወልን ከጀርባዋ ላይ በጣታቸው ነክተው፣ «በል አንተ፣ ገና ሳትወለድ እኔን ሙያ አስተማርከኝ» አሉት።

«ታዲያ ስሙን ሮሪሳ እንበለዋ!» አለች የሺሐረግ።

«አባቱ ይገድለኛል» አለች ኡምሀኒ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ሳቁ ግን ሆድ አልሞላም። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ነገር ከመደነቁ ይልቅ ይከብድ ነበር። አረንጓዴው ጥቂት ነው፣ ቦራ ደግሞ የራባት እርጉዝ ናት። ኡምሀኒ ከጉልበቷ በላይ ያለውን ቅጠል ብቻ እየቀነጠሰች፣ አገዳውን ሳትነካ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መሄድ ጀመረች። የምታገኘው አንድ ሸክም አይሞላም። ቦራ ያቺን በልታ የምትበላበትን ገረወይና በምላሷ ትጠርግና ትጮኻለች። ደግሞ ትጮኻለች። የላም ጩኸት ሰምቶ፣ እያለ አልሰጥም ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የሞከረው ብቻ ነው። አንድ ቀን አላስችል አላትና ሄዳ አንዱን ቁጥቋጦ እስከ አፈሩ ቆረጠችው። ቦራ በላችው፤ ጠገበችም ለዚያች ቀን። ቁጥቋጦው ግን አልተነሣም። ሌሎቹ በዙሪያው ሲለመልሙ እሱ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ኡምሀኒ በሄደች ቁጥር ታየዋለች፤ ከዚያ በኋላ እጇ ከጉልበቷ በታች ወርዶ አያውቅም።

የጎደለውን ለመሙላት የሺሐረግ መላ አመጣች። «የጠላዬን አተላ ውሰጂ።»

«እኔ? አተላ ተሸክሜ በመስጊዱ ደጅ ልለፍ?»

«ላሟ ናት የምትጠጣው እንጂ አንቺ ነሽ? ደግሞ ቦራ እስላም ነኝ ብላ ነግራሻለች?»

«ጀመራት ደግሞ!»

«እሺ፣ እኔ ራሴ ተሸክሜ አመጣላታለሁ፤ ክርስቲያን ላም ሆና ትውለድ።»

አመጣችላትም። በየቀኑ፣ ራሷ ላይ ተሸክማ፣ በመንገድ ላገኘችው ሁሉ «ለእህቴ ላም ነው፤ ነፍሰ ጡር ናት» እያለች። አተላው፣ የዚያን ሰሞን ጭድ፣ ያ ቀንጠስ ቀንጠስ የሚደረግ ለጋ ቅጠል፤ በዚህ ተያዘች።

ኡምሀኒን ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቃት ሌላ ነበር። ከወንዙ ዳር ጀምራ እየቀነጠሰች መሀል ስትደርስ፣ የጀመረችበት ተመልሶ ወጥቷል። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ አቧራ ያስነሣል፣ ደመና የሚባል የለም፤ ሳሩ ግን ከሆዱ ያወጣል። የወሰደችበትን ያህል ሳይሆን የተወችለትን ያህል ይሰጣታል። ጠዋት ጠዋት ስትወርድ እንደ ዘመድ ልትጠይቀው የምትሄድ ይመስላታል። አንዳንዴ ለምን እንደ መጣች ረስታ፣ ልጇን አጥብታ፣ ቅጠሉን ዝም ብላ ታየዋለች። እነ ኡምሀኒ ልጆች ሳሉ እናታቸው የራሷን እንጀራ ለእነሱ ቆርሳ፣ እሷ ሳትበላ ቆማ ትውል ነበር፤ እንዴት እንደምትቆም ኡምሀኒ ያን ጊዜ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ራሷን ጠየቀች።

በየካቲት መጨረሻ ደርዊሽ መጣ። ነጋዴው ተሰማ አብሮት ነበር፤ ዱላ በትከሻው፣ ጥርሱን በእንጨት እየፋቀ። ኡምሀኒ ድምፃቸውን ሰምታ ከቤት ስትወጣ በረት ገብተዋል። ቦራ አልሰባችም፤ አይታታለችና ታውቃለች። ተሽሏታል ይባል ወይስ አይባል አታውቅም፤ በየቀኑ የሚያያት ዓይን አይፈርድም።

ተሰማ የላሟን ዳሌ ዳሰሰ። ጎድኗን በመዳፉ ተጫነ። ጅራቷን አንሥቶ አየ። ከዚያ አፏን ከፍቶ አሸተተና ወደ ደርዊሽ ዞረ።

«አንተ፣ ይቺ እርጥብ ሳር በልታለች።»

«ከየት አምጥታ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ከጠዋት ጀምሮ ስዞር ያየሁት ከብት ሁሉ አፈር ነው የሚልሰው።» ተሰማ እጁን አራገፈ። «ከሸጥክልኝ እገዛታለሁ። ግን የነገርከኝ ልትሞት ነው ብለህ ነው። ይቺ ልትወልድ ነው።»

ደርዊሽ ሚስቱን አያት። እሷ ልጁን አስታቀፈችውና ቀድማ ወጣች። ተከተላት። ሐዲዱን ተሻገሩ። አመዱን ክፍል ሲያይ ፊቱ ወደቀ፤ ሊያጽናናት አፉን ሲከፍት እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው፤ እየመራችም መሀል አደረሰችው።

ደርዊሽ አፋርን የሚያቋርጥ ሰው ነው። ደረቅ ምድር ምን እንደሚመስል፣ በዚያ ላይ የሚኖር ነገር ምን ያህል እንደሚከፍል ያውቃል። ልጁን እንዳቀፈ በዝግታ ተንበረከከና ነፃ እጁን አገዳው ላይ አሳረፈ። ቅጠሉን አልነካም። ዙሪያውን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ደግሞ አገዳውን።

«ማን አጠጣው?»

«ማንም።»

አገዳውን እስከ አፈሩ በጣቱ ተከተለ።

«ይሄን ሁሉ አገዳ ለምን ተውሽው? ለእሷ አትሰጫትም?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን የሚሟገት ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እሱን ከሰጠኋት ነገ የለም።»

ደርዊሽ ተነሣ። ሐዲዱ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ተሰማን በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» ብሎ ምልክት ሰጠው። ተሰማ ዱላውን ወደ ሌላ ትከሻው አዛውሮ፣ ከሩቅ እየተሳደበም እየሳቀም ሄደ።

ቦራ በመጋቢት አጋማሽ ረፋድ ላይ ወለደች። የሺሐረግ አለች፣ ጋሽ ሮሪሳ ከኮዬ ፈጬ በእግራቸው መጥተዋል። ደርዊሽ ጉዞውን በአንድ ቀን አዘግይቶ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል፤ ምን እንደሚሠራ ግን አያውቅም። ጥጃዋ ሴት ናት፤ እንደ እናቷ ጥቁር፣ ከሲታ፣ እግሯ ከሰውነቷ የሚረዝም። ቦራ ላሰቻት። ጥጃዋ የፊት እግሯን ዘርግታ ለመነሣት ሞከረች፤ ወደቀች። ደርዊሽ ሊያነሣት እጁን ሲሰድ ጋሽ ሮሪሳ ክንዱን ያዙት።

«ተዋት። ራሷ ትነሣለች።»

ጥጃዋ የኋላ እግሯን አቀናች፣ ተንገዳገደች፣ ጉልበቷ ታጠፈ፣ ደግሞ አቀናች። ቆመች። አራቱም እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ያልተማረችውን መንገድ ወደ እናቷ ጡት ሄደች፤ ኡምሀኒም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ጥጃዋ ወተቱን ስትስብ የምታሰማውን ድምፅ አዳመጠች።